ስንዴውን ከእንክርዳዱ የሚለየው ኬሚስትሪ፦ ፀረ-አረም በአረም ሕዋስ ውስጥ የሚያስከትለው ለውጥ

«ስንዴውን ከእንክርዳዱ መለየት» የሚለው አነጋገር በቋንቋችን ጠቃሚውን ከጎጂው የመለየትን ተግባር ለመግለጽ ሲነገር ኖሯል። ለገበሬው ግን ነገሩ ምሳሌያዊ አነጋገር ብቻ ሳይሆን በየክረምቱ ጎንበስ ብሎ በእጁ የሚሠራው አድካሚ ሥራ ነው። ካለፉት አሥርት ዓመታት ወዲህ ደግሞ ይህን ሥራ በከፊል የተረከበው የፀረ-አረም ኬሚካል ነው። በአርሲና በባሌ የስንዴ ማሳዎች፣ በጎጃምና በሸዋ የጤፍ ማሳዎች መካከል መርጫ በጀርባው አዝሎ የሚያልፍ ሰው ማየት ዛሬ የተለመደ ሆኗል።

ርጭቱ እንዳበቃ ለዓይን የሚታይ ለውጥ የለም። አረሙም ሰብሉም እንደ ቀድሞው አረንጓዴ ሆነው ይቆማሉ። ከቀናት በኋላ ግን አረሙ ይጠወልጋል፣ ይጠማዘዛል ወይም ይገረጣል። ሰብሉ ደግሞ እድገቱን ይቀጥላል። በእነዚህ ጥቂት ቀናት ውስጥ በአረሙ ሕዋሳት ምን ተከናወነ? ስንዴውስ ያንኑ ኬሚካል ጠጥቶ እንዴት ተረፈ? ከዓመታት በኋላ ያው ኬሚካል ያንኑ አረም መግደል ሲሳነው ምክንያቱ ምንድን ነው? በዚህ ጽሑፍ እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች በቅደም ተከተል ለመመለስ እንሞክራለን። በመጨረሻም የተረጨ አረምን ለከብት ስለ መመገብ ጥቂት እንላለን።

የተዘጋው መንገድ

አንድ ተክል በሕይወት ለመኖር በሺህ የሚቆጠሩ የኬሚካል ለውጦችን በአንድ ጊዜ ያካሂዳል። እያንዳንዱን ለውጥ የሚያፋጥን የራሱ ኢንዛይም አለ። አብዛኞቹ ፀረ-አረሞች የሚሠሩት ከእነዚህ ኢንዛይሞች ወይም ፕሮቲኖች መካከል አንዱን ብቻ በመያዝ ነው። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን ግላይፎሴት የተባለው ፀረ-አረም ነው።

የግላይፎሴት ፀረ-አረምነት በአሜሪካዊው ኬሚስት ጆን ፍራንዝ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1970 ሲሆን፣ ለገበያ የቀረበው በ1974 ነው። በየትኛው ኢንዛይም ላይ እንደሚሠራ የታወቀው ግን በ1980 ነበር። በዚያ ዓመት ሽታይንሩከንና አምራይን የተባሉ በጀርመን አገር ይሠሩ የነበሩ ተመራማሪዎች ኬሚካሉ የሚይዘው የሺኪሜት መንገድ በሚባለው የምርት ሰንሰለት ውስጥ የሚገኝ አንድ ኢንዛይም መሆኑን አሳዩ። ኢንዛይሙ በአሕጽሮት ኢፒኤስፒኤስ ይባላል። ሺኪሜት የሚለው ስም ውህዱ ለመጀመሪያ ጊዜ ከተገኘበት፣ በጃፓንኛ ሺኪሚ ከሚባለው ተክል የመጣ ነው።

ተክሎች ፌኒልአላኒን፣ ታይሮሲንና ትሪፕቶፋን የተባሉትን ሦስት አሚኖ አሲዶች የሚያመርቱት በዚህ መንገድ ነው። ግላይፎሴት ኢንዛይሙ ከሚቀበላቸው ሁለት ጥሬ ዕቃዎች አንዱን ስለሚመስል ቦታውን ይይዝበታል። በዚህን ጊዜ ሁለት ዓይነት ለውጥ ይከተላል። አንደኛው ከተዘጋው ቦታ በታች የሚታየው እጥረት ነው። ሦስቱ አሚኖ አሲዶች ስለማይመረቱ ፕሮቲን መገንባት ይስተጓጎላል። ከእነርሱ የሚሠሩት የእንጨትነት ባሕርይ የሚሰጠው ሊግኒንና በሽታ የሚከላከሉ ውህዶችም ይቀንሳሉ። ሁለተኛው ከተዘጋው ቦታ በላይ የሚታየው ክምችት ነው። መሄጃ ያጣው ሺኪሜት በቅጠሉ ውስጥ ይከማቻል።

የክምችቱ ጉዳት ቦታ ከማጣበብ ያለፈ ነው። በተለመደው ጊዜ የመንገዱ የመጨረሻ ምርቶች በበቂ መጠን ሲገኙ የመንገዱን መግቢያ ያቀዘቅዙታል። ምርቶቹ ሲጠፉ ግን መግቢያው ያለ ልጓም ክፍት ሆኖ ይቀራል። በብርሃን አስተፃምሮ የተገኘው ካርቦን ወደማያስፈልገው ክምችት ይፈስሳል፣ ስኳር የሚመረትበት ዑደትም ጥሬ ዕቃ ያጣል። ተክሉ በአንድ በኩል በረሀብ፣ በሌላ በኩል በብክነት ይጎዳል ማለት ነው። ሰውና እንስሳት የሺኪሜት መንገድ ስለሌላቸው እነዚህን አሚኖ አሲዶች የሚያገኙት ከምግብ ነው። ይህ ግን ኬሚካሉን ያለ ጥንቃቄ ለመያዝ ፈቃድ አይሰጠንም።

የሺኪሜት ክምችት ለተመራማሪዎች ጠቃሚ ምልክት ሆኗል። ከቅጠል ላይ ትናንሽ ክብ ቁራጮች ይወሰዱና በግላይፎሴት ውኃ ውስጥ ለሰዓታት ይቀመጣሉ። ከዚያም ሺኪሜቱ በኬሚካል ወደ ቀለማም ውህድ ተለውጦ የብርሃን መምጠጥ መጠኑ በ380 ናኖሜትር ይለካል። ኬሚካሉ በሚገድለው አረም ውስጥ ክምችቱ ከፍ ይላል። ኢንዛይሙ ባልተያዘበት አረም ውስጥ ግን ከቀድሞው ብዙም አይለወጥም። በዚህ ዘዴ ቅጠሉ ከመገርጣቱ በፊት የአረሙን ዕጣ ማወቅ ይቻላል።

ከመጠን ያለፈ ትእዛዝ

በአገራችን ጤፍና ስንዴ አብቃዮች ዘንድ ለረጅም ጊዜ የታወቀው 2,4-ዲ የሚሠራው ፍጹም በተለየ መንገድ ነው። ይህ ፀረ-አረም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን በእንግሊዝና በአሜሪካ በተካሄዱ ምርምሮች የተገኘ ሲሆን፣ ከጦርነቱ ማብቂያ ጀምሮ በስፋት ተሠራጭቷል። ኢንዛይም በመዝጋት ፈንታ የተክሉን የራሱን የእድገት ሆርሞን፣ ማለትም ኦክሲንን፣ አስመስሎ ይሠራል።

ተክሉ የተፈጥሮውን ኦክሲን በጥቂቱ አምርቶ ሥራው ሲያበቃ ወዲያው ይሰባብረዋል ወይም ከሌላ ሞለኪውል ጋር አያይዞ ያስቀምጠዋል። 2,4-ዲን ግን እንዲህ በቀላሉ ማስወገድ አይችልም። እ.ኤ.አ. በ2005 የኦክሲን ተቀባይ መሆኑ የተረጋገጠው ቲአይአር1 የተባለ ፕሮቲን ኦክሲኑን ሲይዝ፣ የእድገት በራሂዎችን (ጂኖችን) አፍነው የያዙ ፕሮቲኖች እንዲፈርሱ ያደርጋል። 2,4-ዲ በዚሁ ተቀባይ ላይ ስለሚቀመጥ አፋኞቹ ያለማቋረጥ ይፈርሳሉ። በራሂዎቹም ሊጠፋ በማይችል ትእዛዝ ሥር ይወድቃሉ።

ከዚህ በኋላ ሌሎች ሆርሞኖች ይከተላሉ። በመጀመሪያ ኢትሊን የተባለው ጋዝ ሆርሞን በብዛት ይመረታል። ግንድና ቅጠል የሚጠማዘዙት በዚህና በተዛባው እድገት ምክንያት ነው። ቀጥሎ አብሲሲክ አሲድ የተባለው ሆርሞን ይጨምራል። ይህ በተፈጥሮ በድርቅ ጊዜ የሚያገለግል ሆርሞን ሲሆን የቅጠሉን ቀዳዳዎች ይዘጋል። ቀዳዳዎቹ ሲዘጉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አይገባም። ብርሃን አስተፃምሮም ይዳከማል። ውኃ በሞላበት የክረምት ማሳ ላይ ቆሞ የድርቅ ሆርሞን የሚያመርት ተክል ከማየት የበለጠ የኬሚስትሪ መዛባት ምን አለ?

ብርሃን ጠላት ሲሆን

ፀረ-አረሞች መነሻቸው ቢለያይም ብዙዎቹ መጨረሻ ላይ በአንድ ነጥብ ይገናኛሉ። ቅጠል ብርሃን መቀበሉን ሲቀጥል ነገር ግን የተቀበለውን ኃይል ሥራ ላይ ማዋል ሲያቅተው፣ ኃይሉ ወደ ኦክስጅን ይተላለፋል። በዚህን ጊዜ ያገኙትን ሞለኪውል ሁሉ የሚያጠቁ የኦክስጅን ዓይነቶች ይፈጠራሉ። ለምሳሌ ያህል አትራዚን በክሎሮፕላስት ውስጥ ዲ1 በተባለው ፕሮቲን ላይ ተቀምጦ የኤሌክትሮኖችን ጉዞ ያቋርጣል። ፓራኳት ደግሞ ኤሌክትሮኖቹን ነጥቆ በቀጥታ ለኦክስጅን ይሰጣል። በሁለቱም ሁኔታ የሕዋስ ሽፋን የተሠራበት ቅባት ይጎዳል፣ የሕዋሱ ፈሳሽ ይወጣል፣ ቅጠሉም ይደርቃል። ሕይወቱ የተመሠረተበት የፀሐይ ብርሃን ራሱ ገዳዩ ይሆናል።

ተክሉም በበኩሉ እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም። ካታሌዝና ሱፐርኦክሳይድ ዲስሙቴዝ የተባሉ ኢንዛይሞችን፣ አስኮርቢክ አሲድን (ቫይታሚን ሲ) እና ግሉታታዮን የተባለውን ሞለኪውል በመጠቀም አደገኛውን ኦክስጅን ለማብረድ ይጥራል። ስለዚህ የተረጨ አረም ሞት በጉዳቱ ፍጥነትና በመከላከያው ፍጥነት መካከል የሚደረግ ውድድር ውጤት ነው ማለት እንችላለን።

ስንዴው ለምን አይሞትም?

2,4-ዲ ሰፋፊ ቅጠል ያላቸውን እንደ መጭ ያሉ አረሞች ገድሎ ጤፍንና ስንዴን መተዉ፣ ከሣር ወገንና ከሌላው ወገን ልዩነት ጋር የተያያዘ ስለሆነ ለመረዳት ብዙም አይከብድም። የሚያስገርመው ሲናርንና ሙጃን የሚገድል ፀረ-አረም ስንዴን መተዉ ነው። ሦስቱም ሣሮች ናቸው። የሚጠቃውም ኢንዛይም በሦስቱም ውስጥ ይገኛል።

መልሱ ያለው ኬሚካሉን በማርከስ ፍጥነት ላይ ነው። የማርከሱ ሥራ በሦስት ደረጃዎች ይከናወናል። በመጀመሪያው ደረጃ ሳይቶክሮም ፒ450 የተባሉ ኢንዛይሞች በፀረ-አረሙ ሞለኪውል ላይ የኦክስጅን አቶም በመጨመር እጀታ ያበጁለታል። በሁለተኛው ደረጃ ሌሎች ኢንዛይሞች በዚህ እጀታ ላይ ግሉኮስ ያያይዛሉ። አንዳንዱን ፀረ-አረም ደግሞ የመጀመሪያውን ደረጃ ሳይጠብቁ በቀጥታ ከግሉታታዮን ጋር ያቆራኙታል። በሦስተኛው ደረጃ የታሰረው ሞለኪውል ቫኪዩል ወደሚባለው የሕዋስ ከረጢት ተገፍቶ ይገባል፤ ከዚያም ጉዳት አያደርስም። ስንዴ ክሎርሰልፉሮን የተባለውን ፀረ-አረም በመጀመሪያው መንገድ፣ በቆሎ ደግሞ አትራዚንን በግሉታታዮን አማካይነት ያረክሳሉ። አረሞቹም እነዚህ ኢንዛይሞች አሏቸው፤ ነገር ግን ሥራቸው ዘገምተኛ ስለሆነ ኬሚካሉ ይቀድማቸዋል።

በስንዴ ላይ ከሚረጩ አንዳንድ ፀረ-አረሞች ጋር ለሰብሉ ጠባቂ የሆነ ሌላ ውህድ ይቀላቀላል። ይህ ውህድ የስንዴውን የማርከሻ ኢንዛይሞች በማነቃቃት ፍጥነታቸውን ይጨምራል። እንግዲህ በዘመናዊ እርሻ ስንዴውን ከእንክርዳዱ የሚለየው በሁለቱ መካከል ያለው የሰዓታት የማርከሻ ፍጥነት ልዩነት ነው። ይህ ልዩነት ከጠበበ ኬሚካሉ ዋጋ ያጣል።

የቻሉት አረሞች

እ.ኤ.አ. በ1968 በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት በሚገኝ አንድ የችግኝ ጣቢያ፣ ሴኔሲዮ ቩልጋሪስ የተባለ አረም እንደ አትራዚን ካሉ የትራያዚን ፀረ-አረሞች ተርፎ ተገኘ። ግኝቱም በ1970 ታተመ። በኋላ እንደታወቀው ልዩነቱ በዲ1 ፕሮቲን 264ኛ ቦታ ላይ ሴሪን በተባለው አሚኖ አሲድ ፈንታ ግላይሲን መግባቱ ብቻ ነበር። በዚህች ትንሽ ለውጥ አትራዚን መቀመጫውን ያጣል። ይሁንና ነገሩ ያለ ዋጋ አልሆነም፤ የኤሌክትሮኖቹ ጉዞም አብሮ ስለሚዘገይ ተክሉ ፀረ-አረም በሌለበት ቦታ ከጓደኞቹ ይደክማል።

እዚህ ላይ ተማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱበትን ነጥብ ማብራራት ያስፈልጋል። ፀረ-አረሙ ይህን የበራሂ ለውጥ አልፈጠረም። በሚሊዮን ከሚቆጠሩት ዕፅዋት መካከል ለውጡን ይዘው የተገኙ ጥቂቶች ቀድሞውኑ ነበሩ። ርጭቱ የሌሎቹን ሲገድል የእነርሱን ዘር መርጦ አስቀረ። ለውጡ የተስፋፋው በተፈጥሮ ምርጫ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ በደቡባዊ አሜሪካ የጥጥና የአኩሪ አተር ማሳዎች የሚበቅለው ፓልመር አማራንት ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ግላይፎሴትን የቻሉት የጆርጂያ ግዛት ተክሎች የኢፒኤስፒኤስን በራሂ ከተለመደው ከ5 እስከ ከ160 እጥፍ በላይ አብዝተው ይዘው ነበር። ኢንዛይሙ በብዛት ስለሚመረት ግላይፎሴቱ አንዱን ሲይዝ ሌላው ሥራውን ይቀጥላል። በእነዚህ ተክሎች ቅጠል ውስጥ ሺኪሜት አልተከማቸም።

ከሁሉም አሳሳቢው ግን ሦስተኛው መንገድ ነው። ይኸውም አረሙ እንደ ስንዴው ሁሉ ፈጣን አርካሽ ሲሆን ነው። የእንክርዳድ ዘመድ የሆነው ሎሊየም ሪጂደም በአውስትራሊያ የስንዴ ማሳዎች ከ1980ዎቹ ጀምሮ ይህን ባሕርይ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2021 የቀረበ ጥናት ከዚህ አረም የተወሰደ አንድ የሳይቶክሮም ፒ450 በራሂ፣ አሠራራቸው ቢያንስ በአምስት ዓይነት የሚለያይ ፀረ-አረሞችን ለመቋቋም እንደሚያስችል አረጋግጧል። በእንግሊዝ አገር በሚታወቀው ጥቁር ሣር ላይ በ2013 የታተመ ሥራ ደግሞ አንድ የግሉታታዮን ትራንስፈሬዝ በራሂ ወደ ሌላ ተክል ሲዛወር፣ ተክሉ ፀረ-አረሞችን ከመቋቋሙም በላይ ፍላቮኖይድ የተባሉ መከላከያ ውህዶችን ጭምር እንዳከማቸ አሳይቷል። አንድ ፕሮቲን መብዛቱ የሌሎችን ውህዶች መጠን እስከ መለወጥ ደርሷል ማለት ነው። እንዲህ ያለው አረም ገና ተረጭቶበት የማያውቅን ኬሚካል ሳይቀር ሊቋቋም ይችላል። ኬሚካል መቀያየር ብቻውን መፍትሔ የማይሆነው ለዚህ ነው።

በዓለም ዙሪያ ቢያንስ አንድ ፀረ-አረም የቻሉ የአረም ዝርያዎች ዛሬ ከ250 በላይ ሆነዋል።

የግማሽ መጠን መዘዝ

ኬሚካሉ ውድ በመሆኑ መጠኑን ቀንሶ መርጨት፣ በግምት መለካት ወይም አረሙ ከገፋ በኋላ መርጨት በብዙ ቦታ ያጋጥማል። በዚህ ጽሑፍ ያየነውን ውድድር ካስታወስን ውጤቱን መገመት አያዳግትም። ሙሉ መጠን ሲረጭ የማርከሻ ፍጥነቱ በጥቂቱ ብቻ የተሻለ አረም ከሌሎቹ ጋር አብሮ ይሞታል። መጠኑ ሲቀነስ ግን ይህ መካከለኛ አረም ይተርፋል። እንደ ሎሊየም ሪጂደም ያለ፣ ከሌላ ተክል በሚመጣ ብናኝ ብቻ የሚዳቀል አረም ሲሆን ደግሞ የተራፊዎቹ ትናንሽ ብልጫዎች በልጆቻቸው ላይ ይደመራሉ።

ይህ ግምት በሙከራ ተረጋግጧል። ኔቭና ፓውልስ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጡት ጽሑፍ፣ የሎሊየም ሪጂደም ተክሎችን ዲክሎፎፕ በተባለ ፀረ-አረም በተቀነሰ መጠን ደጋግመው ረጭተው ተራፊዎቹን ሲያዳቅሉ፣ በጥቂት ትውልዶች ውስጥ ኬሚካሉን የሚቋቋም ዘር ማግኘታቸውን ገልጸዋል። በግማሽ መጠን የተቆጠበው ገንዘብ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሙሉ መጠኑም በማይገድለው አረም መልክ ተመልሶ ይከፈላል።

የተረጨ አረምና የከብት መኖ

በአገራችን አረም ከማሳ ወጥቶ የሚጣል ነገር ብቻ አይደለም። ሣር በሚጎድልበት ክረምት ለላምና ለበሬ የሚቀርብ መኖም ነው። ስለሆነም በአረሙ ውስጥ የሚካሄደው የኬሚስትሪ ለውጥ በማሳው ድንበር አያበቃም።

እ.ኤ.አ. በ1950 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የታተመ ጥናት፣ 2,4-ዲ በተረጨበት የሹገር ቢት ቅጠል ውስጥ የናይትሬት መጠን ከፍ ማለቱን አሳይቷል። ምክንያቱ ከላይ ካየነው የተለየ አይደለም። ሥሩ ናይትሬት ከአፈር መሳቡን እየቀጠለ፣ ናይትሬቱን ወደ አሚኖ አሲድ የሚያመራው የኢንዛይም ሥራ ከተዳከመ ናይትሬቱ በቅጠሉ ይከማቻል። የሚያመሰኳ እንስሳ ብዙ ናይትሬት በአንድ ጊዜ ሲመገብ በሆዱ ያሉ ረቂቅ ተሕዋስያን ወደ ናይትራይት ይለውጡታል። ናይትራይቱም ወደ ደም ገብቶ በሄሞግሎቢን ውስጥ ያለውን ብረት ኦክስጅን መሸከም ወደማይችል ዓይነት ይቀይረዋል። የእንስሳው ደም ቡናማ ይሆናል፣ ትንፋሹ ያጥራል፤ ቶሎ ካልተደረሰለትም ሊሞት ይችላል።

ከዚህም ሌላ አንዳንድ መርዛማ አረሞች ከተረጩ በኋላ በውስጣቸው የሚሟሟ ስኳር ስለሚጨምር ለከብት ይጣፍጣሉ። ቀድሞ አሽትቶ የሚተወውን ተክል እንስሳው መርጦ ይበላዋል ማለት ነው። ስለዚህ የተረጨ አረም አጭዶ ለከብት ማቅረብም ሆነ በተረጨ ማሳ ላይ ማሰማራት የሚቻለው በኬሚካሉ መያዣ ላይ የተጻፈው የክልከላ ጊዜ ካለፈ በኋላ ብቻ ነው።

ማጠቃለያ

ከላይ ከተዘረዘረው የምንረዳው፣ ፀረ-አረም ሕዋሱን እንደ ዱላ በአንድ ምት የሚገድል ሳይሆን የራሱን ኬሚስትሪ በራሱ ላይ የሚያስነሣ መሆኑን ነው። የዚህ ዕውቀት ጥቅምም ተግባራዊ ነው። የታዘዘውን መጠን በትክክል መለካት፣ አረሙ ገና ለጋ ሳለ መርጨት፣ አሠራራቸው የሚለያይ ፀረ-አረሞችን ማፈራረቅ፣ ስንዴን በየዓመቱ ከመደጋገም ይልቅ ከባቄላና ከአተር ጋር ማፈራረቅ፣ ንጹሕ ዘር መጠቀም፣ ከርጭት የተረፈውን አረም ዘር ሳይጥል በእጅ መንቀል — እነዚህ ሁሉ የአንድ ሐሳብ ልዩ ልዩ መልኮች ናቸው። ይኸውም በሰብሉና በአረሙ መካከል ያለውን የፍጥነት ልዩነት ጠብቆ ማቆየት ነው።

ነገ በግብርና፣ በሥነ ሕይወትና በኬሚስትሪ ትምህርት ክፍሎች የምትመረቁ ተማሪዎች ከገበሬው ዘንድ «መድኃኒቱ አልሠራ አለ» የሚል አቤቱታ መስማታችሁ አይቀርም። በዚያን ጊዜ መድኃኒቱ ጥራት ስለ ጎደለው ነው፣ መጠኑ ስላነሰ ነው ወይስ አረሙ ስለ ቻለው ነው ብሎ መጠየቅ፣ ጥያቄውንም በጥቂት የቅጠል ቁራጮችና በቀላል መለኪያ መመርመር የእናንተ ድርሻ ይሆናል። ከርጭቱ የተረፉት አረሞች ዘራቸውን ከመጣላቸው በፊት ምርመራው ሊደርስላቸው ይገባል።